የአቶ ገሠሠ ዓይንና እጅ

በማንኛውም ሠርግ ላይ ሁለት ፎቶ አንሺዎች አሉ። አንደኛው ካሜራ የያዘው ነው። ሁለተኛው ከእሱ ጀርባ ይቆማል፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የመጀመሪያውን ሥራ ይቆጣጠራል። የሚከፈለው ለመጀመሪያው ነው፤ ሥልጣኑ ግን የሁለተኛው ነው። «ሙሽራዋን ከፀሐይ አውጣት!» ይላል። «አንተ ረጅሙ፣ ወደ ኋላ!» ይላል። «እማማ፣ ነጠላዎን ከአፍዎ ላይ ያውርዱት እንጂ፤ ሠርግ አይደል እንዴ?» ይላል። ማን እንደጠራው አይታወቅም። የሙሽራው ወገን የሙሽሪት ዘመድ ይመስላቸዋል፤ የሙሽሪት ወገን ደግሞ የሙሽራው አጎት መስሏቸው ሥጋ ይጨምሩለታል።

ይህ ሰው በየከተማው አለ። በአዳማ ስሙ አቶ ገሠሠ ነው።

ክቡር አቶ ገሠሠ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በመናኸሪያ የስምሪት ሠራተኛ ነበሩ። ሰውን በቦታው ማስቀመጥ የዕድሜ ልክ ሙያቸው ነው። ሕፃን የያዘች ከፊት፣ ዶሮ የያዘ ከኋላ፣ የሚያስመልሰው በመስኮት በኩል። «ጠጋ በሉ!» ሲሉ ሰው ይጠጋል። በውርስ ተጣልተው አፍ ለአፍ የማይነጋገሩ ሁለት ወንድማማቾች በዚያ ድምፅ ብቻ ትከሻ ለትከሻ ሲቆሙ በዓይኔ አይቻለሁ። በፎቶው ላይ የታረቁ ይመስላሉ። በኋላ እውነትም ታረቁ። አቶ ገሠሠ ያስታረቋቸውን ሽማግሌዎች አያመሰግኑም። «እኔ አስቀድሜ አይቼው ነበር» ነው የሚሉት።

የሚያዩትን ነገር ያያሉ፤ ይህን ልክድ አልችልም። አንድ ጊዜ እንግዳው ሁሉ ኬክ ሲቆረስ እያየ ሳለ የፎቶ አንሺውን ትከሻ መታ አድርገው «እዚያ!» አሉ። ከድንኳኑ ጥግ የሙሽሪት አባት ብቻቸውን ቆመዋል። ልጃቸው ጠዋት ወንበር ላይ ጥላው የሄደችውን የዘወትር ሻርፕ በጥንቃቄ አጣጠፉና ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ፎቶ አንሺው ዞሮ ሌንሱን እስኪያስተካክል አባትየው ከሰው ተቀላቅለዋል። አቶ ገሠሠ «አመለጠ!» አሉ፤ መኪናው የወጣበትን ተሳፋሪ በሚመልሱበት ድምፅ።

«ዓይን ካለዎት ለምን ራስዎ አያነሱም?» ያላቸው ሰው ብዙ ነው። መልሳቸው አንድ ነበር። «ሾፌርነት አያምረኝም። እኔ ስምሪት ነኝ።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘውድነሽ እስካረፉ ድረስ ይህ መልስ በቂ ነበር።

ለቅሶ ቤት ፎቶ ያስፈልጋል። ልጆቹ አጉልተው የሚሰቅሉት ፎቶ ፍለጋ ቤቱን ገለበጡት። በከተማው ሠርግ ሁሉ ሰው ያሰለፉት አቶ ገሠሠ የገዛ ሚስታቸው አንድ የረባ ፎቶ አልነበራቸውም። በአንዱ ላይ ሴትዮዋ ትሪ ይዘው ከዳር ግማሽ ፊታቸው ይታያል። በሌላው ከአንድ ረጅም ሰውዬ ጀርባ ናቸው። የቀረው የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ ነበር። እሱን አጉልተው ሰቀሉት። የማኅተሙ ጠርዝ አገጫቸው ላይ አርፏል፤ ዓይናቸው በፍላሹ ደንግጧል። ለቀስተኛው እስከ ሠልስቱ ይህን ፎቶ እያየ አለቀሰ። አቶ ገሠሠ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀመጡ። ልሰናበታቸው ጎንበስ ስል፣ «ያቺን ሴትዮ አላውቃትም» አሉኝ በለሆሳስ።

አርባው ካለፈ በኋላ ያገለገለ ካሜራ ገዙ።

ዓላማቸውን ለማንም አልደበቁም። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ አብተው የወጣትነት ጓደኛቸው ናቸው። የሰፈራችንን ሞት ሁሉ በንጋት እየዞሩ ያረዱ ሰው፣ አሁን ሐኪሞች ልባቸው መድከሙን ነግረዋቸዋል፤ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱበት ቀን እየተጠበቀ ነው። የእሳቸውም ያለው አንድ የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነው። «አብተውን በመታወቂያ አላስቀብረውም» አሉ አቶ ገሠሠ። ይህን ያሉት አብተው በተቀመጡበት ነው።

«እኔ ልሞት ነው ያለህ ማን ነው?» አሉ አብተው።

«አንተ ነህ እንጂ። ሌላውን ሁሉ የምትናገረው አንተ አይደለህ?»

የመጀመሪያው ሙከራ እዚያው ተደረገ። ውጤቱን እኔም አይቼዋለሁ። ቡናማ ጭጋግ ነው፤ በጭጋጉ መሀል ኮት የሚመስል ነገር አለ። አብተው መነጽራቸውን አድርገው በካሜራው መስኮት ለረጅም ጊዜ አዩት። «ነፍሴ ስትወጣ ነው እንዴ ያነሳኸኝ?» አሉ።

ነገሩ ግልጽ ሆነ። የአቶ ገሠሠ ዓይን ያያል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ካሜራው ደግሞ የሁለቱንም ቋንቋ አይሰማም። ስለዚህ ተመዘገቡ።

ሌንሳ የምትባል ፎቶ አንሺ ፖስታ ቤት አካባቢ ከአንድ መድኃኒት ቤት ፎቅ ላይ ስቱዲዮ አላት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቶግራፍ ታስተምራለች። ሥራዋ ንጹሕ ነው። የአዳማ የቀትር ፀሐይ ሰውን አመድ የሚያስመስልበትን ሰዓት እንኳ ታሸንፈዋለች። በየሠርጉ አቶ ገሠሠ ከጀርባቸው ሲቆሙ ከኖሩት ፎቶ አንሺዎችም አንዷ እሷ ናት። በሩ ላይ ስታያቸው ከወንበሯ ተነሳች።

«ኦቦ ገሠሠ፣ እዚህም ሊያርሙኝ መጡ?»

«አይ ልጄ። ልታረም ነው።»

ታረሙ ማለት ግን ይከብዳል። ሌንሳ ስለ ሌንሱ ቀዳዳ ስታስረዳ «ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል» አለች። አቶ ገሠሠ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ቁጥር ሲያንስ የሚሰፋው በየትኛው መንግሥት ነው?» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። ሌንሳ ደግማ አስረዳች። «ገብቶኛል» አሉ፤ በዚያው ሳምንት ያነሱት ፎቶ ግን ምንም እንዳልገባቸው መሰከረ።

የክፍሉ ጎበዝ ሞባይል ጠጋኙ ጃዕፈር ነበር። ቁጥሮቹን ሁሉ በቃሉ ይዟል። የካሜራ ዓይነት ከጠሩለት የትውልድ ሐረጉን ይቆጥራል። አንድ ቅዳሜ የስቱዲዮውን የጓሮ ግድግዳ አንስቶ መጣ። እያንዳንዱ የቀለም ፍንጣሪ ይታያል፤ በስንጥቁ ውስጥ የምትሄድ ጉንዳን እንኳ እግሯ ይለያል። አቶ ገሠሠ ጊዜ ወስደው አዩት።

«በጣም ንጹሕ ነው» አሉ። ጃዕፈር ደስ አለው። «ማን ሊመጣ ነው?»

ጃዕፈርም ዝም የሚል ልጅ አይደለም። «የእርስዎ ደግሞ ሰው ሞልቶበታል፤ ማን ማን እንደሆነ ለማወቅ ግን የደም ምርመራ ያስፈልጋል» አላቸው።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ሌንሳ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ሁለቱን ተማሪዎች አንድ ላይ ብትሰፋቸው አንድ ጥሩ ፎቶ አንሺ ይወጣቸው ነበር፤ ችግሩ ሁለቱም አፍ ያላቸው መሆኑ ነው።

ከዚያ አቶ ገሠሠ የራሳቸውን መንገድ አገኙ። ቅዳሜ ጠዋት ገና ሰው ሳይሰበሰብ መጥተው ሰሌዳው ላይ አውቶቡስ ሳሉ።

«ካሜራው አውቶቡስ ነው» አሉ ለተሰበሰበው ክፍል፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ብርሃን ተሳፋሪ ነው። ቀዳዳው በር ነው። በሩን ወለል አድርገህ ከከፈትከው ብዙ ተሳፋሪ ይገባል፤ መልኩን የምታውቀው ግን ፊት ለፊትህ ያለውን አንዱን ነው፤ የኋላው ግርግር ነው። ጠበብ ካደረግከው አንድ በአንድ ይገባል፤ ሁሉንም በየመልኩ ትለየዋለህ።»

«መዝጊያውስ?» አለ ጃዕፈር፣ ሊያጠምዳቸው።

«በሩ ክፍት የሚቆይበት ጊዜ ነዋ። ቶሎ ካልዘጋህ የሚንጠለጠል አለ። በእኔ ፎቶ ላይ የምታዩት ጭራ ሁሉ ተንጠልጣይ ነው።»

«አይኤስኦስ? ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት?»

«እሱ ረዳቱ ነው። ተሳፋሪ ሲጠፋ ይጮኻል። ይጠቅማል። አብዝቶ ከጮኸ ግን ጫጫታው ፎቶው ላይ ይቀራል።»

ሌንሳ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዛሬ አዲስ ተማሪዎቿን የምታስተምረው በዚሁ አውቶቡስ ነው። ምንጩን አትጠቅስም። አቶ ገሠሠም ቅር አይላቸውም፤ ለሚያገኙት ሰው ሁሉ ከመናገር በቀር።

አውቶቡሱ ገባቸው እንጂ ጉዞው አላለቀም። ክፍሉ አንድ ቀን ሚኒባስ ተኮናትሮ የአብጃታን ሐይቅ ለማንሳት ወረደ። ቡልቡላ ላይ ለሻይ ሲቆሙ አቶ ገሠሠ ከሚኒባሱ ጠፉ። ሌላው ተማሪ ቀና ብሎ ስለ ሐይቁ ወፎች ሲያወራ እሳቸው ከመንገዱ ማዶ አንድ ጋሪ ያያሉ። ባለጋሪው ጎማ ይፈታል። ሚስቱ አህያዋ የሚያልፈውን ትልቅ የጭነት መኪና አይታ እንዳትደነግጥ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ በሻርፗ የአህያዋን ዓይን ሸፍና ቆማለች። መኪናው ሲያልፍ ግን ራሷ ሴትየዋ ዓይኗን ጨፈነች። አቶ ገሠሠ ያኔ ነው የጫኑት።

በፎቶው ላይ ሴትየዋም አህያዋም እንደ ውኃ ናቸው። የጭነት መኪናው ታርጋ ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ካሜራው ከሰዎቹ ይልቅ መኪናውን መርጧል። ጃዕፈር አይቶት «ለትራፊክ ፖሊስ ይስጡት» አለ።

ሌንሳ አልሳቀችም። «ኦቦ ገሠሠ፣ እኔም እዚያው ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ይህን አላየሁም።»

«እኔ አይቻለሁ። ግን አላነሳሁትም» አሉ። «ነገሩ እኮ 'ማንሳት' ነው የሚባለው፤ በአንቺም ኦሮምኛ 'ካሱ' ነው፣ ያው ማንሳት። ማየትማ ማንም ያያል። ከመሬት ካላነሳሽው እዚያው ቡልቡላ ቀረ።»

በመመለሻው መንገድ ሌንሳ ከሾፌሩ ጀርባ ከእሳቸው ጎን ተቀመጠች። «ዓይን ላስተምርዎት አልችልም፤ የእርስዎ ከእኔ ይሻላል» አለቻቸው። «እጅ ግን አስተምርዎታለሁ። እጅ ይለመዳል።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰፈራችን ሰው በምሬት ያስታውሰዋል። አቶ ገሠሠ እጃቸውን ለማስለመድ በየመንገዱ ዳር ቆሙ። የሚያልፍ ባጃጅ ውስጥ ያለን ሾፌር ዓይኑን ብቻ ማጥራት ነበር የቤት ሥራው። ሾፌሮቹ የተከሰሱ መስሏቸው ፍጥነት ቀነሱ። ፀጉር ቤት ውስጥ ግማሽ ጢሜ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ እንደሆነ በመስታወቱ ውስጥ አቶ ገሠሠን አየኋቸው፤ ከበሩ ላይ ሌንሱን ያዞራሉ። «አትንቀሳቀስ» ሲሉኝ ፀጉር አስተካካዩም ምላጩን አንገቴ ላይ እንደያዘ ቆመ። ትንሽ ቆይተው ካሜራውን ተመለከቱና «ጆሮህ ጠርቷል» አሉ። በሌላ ቀን አፍንጫዬ ጠራ። ወደ ዓይኔ እየቀረቡ ነበር።

ሌንሳ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ እንዲይዙ ደጋግማ መከረቻቸው። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰው ትክክለኛው ምክር ነው። አቶ ገሠሠ እምቢ አሉ፤ ግትርነት መስሎኝ ነበር። «ሰው ፊት ሦስት እግር አቁመሽ ታውቂያለሽ?» አሏት። «ሰውየው ወዲያው መታወቂያ ይሆናል። አብተው ደግሞ ካሜራ ሲያይ ኬላ እንደደረሰ ሾፌር ነው፤ ኮቱን ቆልፎ፣ አገጩን ሰቅሎ፣ 'ምንም አልጫንኩም' ይላል ፊቱ። እኔ የምፈልገው እሱን አይደለም።»

የአብተው ጉዞ ቀን ተቆረጠ። ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ጠዋት አቶ ገሠሠ፣ ሌንሳና እኔ ወደ ቤታቸው ሄድን። እኔ የሄድኩት ልሰናበታቸው ነው። አብተው በረንዳ ላይ ሙሉ ልብስ ለብሰው ጠበቁን። ኮታቸው እስከ ላይ ተቆልፏል። ጥሩምባው ጉልበታቸው ላይ ነው። አቶ ገሠሠ እንደፈሩት ፊታቸው ኬላ ነበር።

«አንሳኝና ልረፍ» አሉ አብተው። ወዲያው ያሉት ቃል ራሳቸውንም ደስ አላሰኛቸውም።

አቶ ገሠሠ ካሜራውን ጨርሶ አላነሱትም፤ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ስለ ሙቀቱ አወሩ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወሩ። ሌንሳ ሰማዩን አየች፤ ፀሐይ በረንዳው ጫፍ ደርሳለች፤ ትንሽ ቆይታ ገብታ የአብተውን ፊት ለሁለት ትከፍለዋለች። ይህን አቶ ገሠሠ አላዩ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ቀና ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ፣ ና እዚህ ተቀመጥ። ከፊቴ። ዝቅ በል።»

በርጩማ ላይ ከፊታቸው ተቀመጥኩ። ካሜራውን ትከሻዬ ላይ አስደገፉት። የሌንሱ አፍ ከጆሮዬ አጠገብ ነው። «ትንፋሽህን ስልህ ትይዛለህ» አሉ። ሌንሳ ቁጥሩን ልታስተካክል እጇን ዘረጋች፤ ጎንበስ ብላ አየችው፤ እጇን መለሰች። በሩ ልክ ነበር።

«አብተው» አሉ አቶ ገሠሠ ከጀርባዬ፣ ስለ ሽንኩርት ሲያወሩ በነበረው ድምፅ። «ያኔ በስህተት የቀበርከው ሰውዬ ማን ነበር?»

«ተወኝ እስቲ።»

«ለሌንሳ ንገራት። አታውቅም።»

አብተው ጥሩምባውን ከጉልበታቸው ወደ ጉልበታቸው አዛወሩ። «ሁለት ምልኬሳዎች ነበሩ» አሉ ሳይወዱ። «አንዱ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አንዱ ከወፍጮ ቤቱ ፊት። ያረፉት የጀርባው ናቸው። ለእኔ የነገረኝ ልጅ 'የወፍጮ ቤቱ ምልኬሳ' ነው ያለኝ። ምን ላድርግ? በንጋት ወጣሁ። ነፋሁ። 'ከወፍጮ ቤቱ ፊት ያሉት አቶ ምልኬሳ አርፈዋልና...' ስል በሩ ተከፈተ።»

«ማን ወጣ?» አለች ሌንሳ።

«ምልኬሳ! በቢጃማ! 'እኔ ነኝ እንዴ?' አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

አብተው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ያኔ የነበራቸውን የእድር ሹም ፊት መልሰው ለበሱት።

«ትንፋሽህን» አሉ አቶ ገሠሠ ጆሮዬ ሥር። ያዝኩት። ትከሻዬ ላይ ያለው እጅ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ ከዚያ ቆመ። እኔም ልቤ እንኳ እንዳይመታ ፈለግሁ።

«ምን እለዋለሁ? እድር እድር ነው» አሉ አብተው። «'ካልሞትክማ ቀብሩ ላይ ተገኝ፤ ቀሪ ይቀጣል!' አልኩት።»

ጠቅ አለ። ሳቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሌንሳ ፎቶውን አጉልታ ስታየው አጠገቧ ነበርኩ። የአብተው ከንፈር ገና እንደተገጠመ ነው፤ አገጫቸው በሹመት ላይ ነው፤ ዓይናቸው ግን ቀድሞ ስቋል። ሁለቱም ዓይኖች ጥርት ብለዋል፤ ሽፋሽፍቱ ይቆጠራል። ጥሩምባው ከታች ደብዘዝ ብሎ ወርቃማ ብርሃን ሆኗል። ፀሐይዋ ለፊታቸው አንድ ጣት ሲቀራት ነው የተነሳው። ሌንሳ ልታርመው የምትፈልገውን ነገር ስትፈልግ ቆየችና ካሜራውን በሁለት እጇ ለአቶ ገሠሠ መለሰችላቸው። «ገለቶማ፣ ኦቦ ገሠሠ» ብቻ አለች። አመሰግናለሁ ማለቷ ነው።

አብተው መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

«ይሄ ለለቅሶ አይሆንም» አሉ። «ሰው አይቶት ይስቃል።»

«ይሳቅ» አሉ አቶ ገሠሠ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጓሮው አዞሩ፤ ማናችንም አልተከተልናቸውም።

አብተው አዲስ አበባ ሄደው ከረጢት ሙሉ መድኃኒት ይዘው ተመልሰዋል። ፎቶው በሳሎናቸው ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል፤ «ለጊዜው» ነው የሚሉት። ያየው ሁሉ ወደ አቶ ገሠሠ ቤት መሄድ ጀመረ። እሳቸው ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አያነሱም። ሰውየውን ያስቀምጡታል፤ ያጫውቱታል፤ ለረጅም ጊዜ ያዩታል። የሚፈልጉትን ካላገኙ «ዛሬ አልመጣህም» ብለው ይመልሱታል። የባንክ ሥራ አስኪያጁንም ብለውታል፤ ቄሱንም ብለዋቸዋል።

እኔም ሄጃለሁ። በአዲስ ሸሚዝ ሄድኩ፤ አልመጣህም ተባልኩ። በአሮጌ ሸሚዝ ሄድኩ፤ አልመጣህም። በዚህ ከተማ ሰው እንዲህ ሥራዬ ብሎ፣ ምንም ሳይፈልግብኝ፣ ፊቴን አይቶት አያውቅም። በረንዳቸው ላይ ሻይ ይቀርባል፤ ወሬ ይመጣል፤ ከሰዓቱ ያልፋል።

ባለፈው እሑድ አንድ ነገር እያወራሁ ሳለ አቶ ገሠሠ ካሜራውን ቀስ ብለው ሲያነሱ በዓይኔ ጠርዝ አየኋቸው። እጃቸው ረግቷል። አገኙኝ ማለት ነው።

ወዲያው ኮስተር አልኩ፤ አገጬን ሰቀልኩ፤ የሸሚዜን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፍኩ።

«ዛሬም አልመጣህም» አሉ፣ ካሜራውን እያወረዱ።

«ምን ላድርግ ጋሼ» አልኩ። «ሌላ እሑድ እመለሳለሁ።»